ሦስተኛው ርጭት የቀረበት ማሳ፦ የጎመን ክሽክሽና ጥገኛ ተርብ በጎንደር ዙሪያ

ማሳው ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ በመገጭ ወንዝ ዳር፣ በውኃ መሳቢያ ሞተር የሚለማ ግማሽ ቃዳ መሬት ነው፤ 1,250 ካሬ ሜትር ገደማ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ኮፐንሃገን ማርኬት የሚባለው የጥቅል ጎመን ዝርያ ተተከለበት፤ በመስመርና በመስመር መካከል 60 ሳንቲ ሜትር፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 40። በዚህ ርቀት ግማሽ ቃዳ 5,200 ያህል ችግኝ ይይዛል። ባለቤቱ ያለሙት ለዐቢይ ጾም ነው። ሥጋና ወተት ከገበታ ሲነሳ የጎመን ገበያ ይደራል፤ ስለዚህ ጎመኑ የካቲት ላይ ጠቅልሎ፣ ተቆርጦ፣ ከተማ መግባት አለበት። ይህን ቀነ ቀጠሮ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ለተሠራው ጥፋትም ሆነ ለተገኘው መፍትሔ ምክንያቱ እሱ ነው።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ በማሳው ዳርቻ ያሉ ጥቂት ጎመኖች ቅጠላቸው ተጨማደደ። ከጀርባው ሲታይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ክሽክሽ ተደራርቦበታል። ይህ የጎመን ክሽክሽ ነው፤ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጥ ጥቃቅን ተባይ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ብሬቪኮሪኔ ብራሲኬ። ታኅሣሥ 10 ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባል ፀረ ተባይ መድኃኒት ተረጨ። በሦስተኛው ቀን ማሳው ንጹሕ መሰለ። በአሥረኛው ቀን ግን ክሽክሹ ተመለሰ፤ ያውም ዳር ላይ ብቻ የነበረው መሐል ገብቶ። ታኅሣሥ 22 ዳይሜቶኤት የሚባል ሌላ መድኃኒት ተረጨ፤ የሆነው ያው ነው። ጥር 4 ቀን፣ ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው፣ ሦስተኛ ርጭት ተዘጋጀ። ጎረቤት የመከረው ሁለቱን መድኃኒት አንድ ላይ ደባልቆ መርጨት ነበር። በዕለቱ የቀበሌው የሰብል ባለሙያ በዚያ ባያልፍ ኖሮ ይረጭ ነበር።

ባለሙያው መርጫውን አስቀምጠው ቅጠል እንዲያዩ ለመናቸው። የቆረጠው ቅጠል ከማሳው መሐል አልነበረም። የጎረቤት ጎመንዘር ከሚያዋስነው፣ መርጫው በደንብ ካልደረሰበት ዳርቻ ነው። ከቅጠሉ ጀርባ በግራጫዎቹ ክሽክሾች መካከል የተለዩ ነገሮች ነበሩ፦ ክብ ሆነው ያበጡ፣ ቆዳቸው እንደ ብራና የደረቀ፣ ወርቃማ ቡናማ፣ ከቀይ ጤፍ ፍሬ ትንሽ ከፍ የሚሉ። አሥራ አንድ ነበሩ። በጣት ቢነኩ አይንቀሳቀሱም፤ ቅጠሉ ላይ ተጣብቀዋል። አራቱ ከኋላቸው በመርፌ ጫፍ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ነበራቸው፤ በአንዱ ላይ የተቆረጠችው ክዳን እንኳ ገና አልወደቀችም፣ በአንድ ጎን ተንጠልጥላለች።

«ይሄማ እንቁላሉ ነው፤ ሊፈለፈል ነው» አሉ ባለቤቱ።

«ኧረ ጋሼ፣ ክሽክሽ እኮ በእኛ አገር እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል። ይሄ ራሱ ክሽክሹ ነው። ሞቶ ነው፤ ውስጡ ሌላ ነገር አለ።»

ስሕተቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። የደረቀ ክሽክሽን እንቁላል ወይም በሽታ ብሎ መርጨት አትክልት በሚለማበት ሁሉ የተለመደ ነው። ከዚህ የከፋ ስሕተት ደግሞ የለም፤ የሚረጨው መፍትሔው ላይ ነውና።

ውስጡ ያለችው

ውስጡ ያለችው ዲያሬቲየላ ራፔ የምትባል ጥገኛ ተርብ ናት። ተርብ ሲባል ሰው የምትነድፈው ትመጣብናለች፤ ይህችኛዋ ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም፣ ከትንኝ የቀጠነች፣ ሰውን የማትነካ ጥቁር ቡናማ ነፍሳት ናት። ሴቷ ክሽክሹ ፊት ቆማ ሆዷን በእግሮቿ መካከል ወደፊት ታጥፍና ትወጋዋለች። ከሰከንድ ያነሰ ሥራ ነው። በዚያች ቅጽበት አንድ እንቁላል ውስጡ ታስቀምጣለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ክሽክሹን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ሲጨርስ የክሽክሹን ቆዳ ከቅጠሉ ጋር አጣብቆ፣ በውስጡ ድር ሠርቶ ይተኛል። የሚያብጠውና የሚደርቀው ያን ጊዜ ነው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ከእንቁላል እስከ መውጣት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በጎንደር የጥር ቀን ሞቃት ቢሆንም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከዚያ ይረዝማል።

ስለዚህች ተርብ ገበሬ ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር አለ።

አንደኛው አመጣጧ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ ጥናት እንደተረጋገጠው ሴቷን የሚጠራት በመጀመሪያ ክሽክሹ አይደለም፤ ከጎመንና ከሰናፍጭ የሚወጣው፣ አፍንጫን የሚቆጠቁጠው የሰናፍጭ ዘይት ሽታ ነው። መጀመሪያ ማሳውን ታገኛለች፣ ክሽክሹን ከዚያ በኋላ ትፈልጋለች። የጎረቤት ጎመንዘር አጠገብ መገኘቷ በአጋጣሚ አልነበረም። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገብስ ላይ በሚወጣው የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ ላይም የምትሠራው ይህችው ዝርያ ናት።

ሁለተኛው፣ የተወጋ ክሽክሽ ወዲያው አይሞትም። ለቀናት ጭማቂ መምጠጡን ይቀጥላል፤ ዐዋቂ ከሆነ ጥቂት ልጆች ይወልዳል። «ተርቡ አለ ተባልን፣ ክሽክሹ ግን ቁጭ ብሏል» የሚለው እሮሮ ከዚህ ይመጣል።

ሦስተኛው የወንድና የሴት ነገር ነው። ያልተገናኘች ሴት ተርብም እንቁላል ትጥላለች፤ የሚወጣው ግን ወንድ ብቻ ነው። ወንድ ደግሞ ክሽክሽ አይወጋም። ይህ ኋላ ማሰሮው ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ሁለቱ ርጭት ለምን ከሸፈ?

መድኃኒቱ የተበላሸ አልነበረም፤ መጠኑም በመለያው ላይ የተጻፈው ነው። የመጀመሪያው ምክንያት የክሽክሹ ሰም ነው። ያ አመድ የሚመስለው ዱቄት ውኃ ያንሸራትታል፤ በዚያ ላይ ቅጠሉ ተጨማዶ እንደ ጣራ ይከልለዋል። ከላይ የተረጨ መድኃኒት ከጀርባው ላለው አይደርስም።

ዋናው ግን የፍጥነት ልዩነት ነው። ክሽክሽ አንድ ቦታ አፉን ተክሎ ጭማቂ ይመጥጣል፤ የሚነካው መድኃኒት እዚያች ቦታ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ተርቧ ግን ቀኑን ሙሉ በቅጠል ላይ እየሮጠች፣ በአንቴናዋ እየዳበሰች ትፈልጋለች፤ የደረቀውን መድኃኒት ሁሉ በእግሯ ትሰበስባለች። በደረቀው ቆዳ ውስጥ ያለችው ከርጭቱ ብትተርፍ እንኳ በጥርሷ ቀዳዳ ቀድዳ ስትወጣ መድኃኒቱን ትቀምሰዋለች። ከርጭት የተረፈች አንዲት ክሽክሽ ወንድ ሳትፈልግ በየቀኑ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ሳምንት አልፎ ጥቂት ሲቆዩ መውለድ ይጀምራሉ። የተረፈች ተርብ ካለች ሁለት ሳምንት መጠበቅ አለባት። ታኅሣሥ 10 የተረጨው ርጭት ክሽክሹን ቀነሰ፣ የክሽክሹን ጠላት ግን ጨረሰ። በአሥረኛው ቀን የተመለሰው ክሽክሽ የሚያሳድደው አልነበረውም።

ሌላም ነገር ነበር። ባለቤቱ ጎመኑ ቶሎ እንዲጠቀልል ብለው ዩሪያ ደጋግመው ጨምረዋል። ናይትሮጅን የበዛበት ለስላሳ ቅጠል ለክሽክሽ ድግስ ነው።

የተደረገው

ስምምነቱ ማሳውን ለሁለት መክፈል ሆነ። በአቧራማው መንገድ በኩል ያለው ግማሽ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ይረጫል፤ በጎመንዘሩ በኩል ያለው ግማሽ ርጭት ይቁምበት። ሙሉ ማሳ አልተጠየቁም፤ የዓመት ልፋቱን ለማያውቀው ነገር አሳልፎ የሚሰጥ የለምና ይህ ትክክል ነበር።

ባልተረጨው ግማሽ መጀመሪያ የተሠራው ቅጠል መልቀም ነው። ጎመኑ ገና መጠቅለል ስላልጀመረ፣ ክሽክሽ የሸፈናቸው የታችኛዎቹ ቅጠሎች ከአንድ ተክል ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ተቆረጡ። ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ጥቅሉ ያንሳል። የተለቀመው ቅጠል በሁለት ተለየ። የደረቀ ክሽክሽ የሌለበት ተቀበረ። የደረቀ ያለበት በቅርጫት ሆኖ ከመስኖው ቦይ ማዶ፣ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ክንፍ የሌለው ክሽክሽ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይራባል፣ ቦዩን ተሻግሮም አይመለስም፤ ተርቧ ግን በርራ ትመጣለች። ቅርጫቱ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ውስጡ ያለችው ትቀቀላለች፤ ቅጠሉ ተጠቅጥቆ ከታጨቀ ደግሞ ይሻግታል። ከአንድ ጋት በላይ አለመከመር ነው።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ዐዋቂዋ ተርብ ክሽክሽ አትበላም፤ የአበባ ማርና ክሽክሹ የሚያንጠባጥበውን ጣፋጭ ፈሳሽ ትልሳለች። አፏ አጭር ስለሆነ ጥልቅ አበባ አይሆናትም፤ እንደ ድንብላልና እንስላል ያለ ገላጣ ጥቃቅን አበባ ትፈልጋለች። ድንብላል ግን ጥር ላይ ቢዘራ ለዚህ ጎመን አይደርስም፤ ከጎመኑ ጋር ኅዳር ላይ መዘራት ነበረበት። የተደረገው ያለውን መጠቀም ነው፦ የጎረቤት ጎመንዘር ማበብ ጀምሮ ነበርና ሊነቀል የታሰበው አንድ መስመር ለሦስት ሳምንት እንዲቆይ ተለመነ።

ሦስተኛው ሳሙና ነው። ጎመኑ ሊጠቀልል ሲል ክሽክሽ ልቡ ውስጥ ከገባ ተርብ አትደርስለትም፤ ተጠቅልሎበት ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ጎመን ደግሞ ገዢ አንድ ቅጠል ገልጦ ካየ በኋላ አይነካውም። ስለዚህ ልባቸው የተያዘ ተክሎች ብቻ አንድ በአንድ በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተረጩ። መጠኑ በ1 ሊትር ውኃ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ15 ሊትሩ የጀርባ መርጫ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ሁለት የቡና ስኒ ያህል። ሳሙና ሰሙን ያሟሟና ክሽክሹን ያርሰዋል፤ የነካውን ተርብም ይገድላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን የሚያቆየው መርዝ የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው። የሚረጨው አመሻሽ ላይ፣ የመርጫው አፍንጫ ከታች ወደ ላይ ተቀልብሶ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ ቅጠል ያቃጥላል።

የማሰሮው ፈተና

ተርብ መኖሯን ማወቅ አይበቃም፤ ከደረቀው ክሽክሽ የሚወጣው ሁሉ ወዳጅ አይደለም። የጥገኛ ጥገኛ አለ፦ በክሽክሹ ውስጥ ያለችውን ተርብ የሚበላ ሌላ ተርብ። እሱ ከበዛ ገበሬው ቆሞ የሚጠብቀው የራሱን ኪሳራ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ባለ 1 ሊትር የመስታወት ማሰሮ፣ አፉን የሚሸፍን ነጠላ ጨርቅ፣ ላስቲክና ጥቂት የሽንት ቤት ወረቀት ይበቃል። የደረቁ ክሽክሾች ያሉበት ቅጠል በጥፍር ስፋት እየተቆረጠ፣ ሕያው ክሽክሽ በላባ እየተጠረገለት፣ ወረቀቱ ላይ ይደረደራል። ቀዳዳ የሌላቸው ሠላሳና አርባ ይበቃሉ። ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ላብ ይበዛል፣ ከላብ ሻጋታ ይመጣል፤ ስለዚህ ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጣል። ማር በውኃ ተበጥብጦ በጥጥ ጫፍ ከጨርቁ ላይ ይቀባል። ወፍራም ማር ከተቀባ ተርቦቹ ተጣብቀው ይሞታሉ። በዚህ ማሳ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ማሰሮ የከሸፈው በሌላ ምክንያት ነው፦ ይሞቀዋል ተብሎ ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሁለተኛው ከክፍሉ ጥግ፣ ከምድጃው ርቆ ተቀመጠና ሠራ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወጡት ቀጭን፣ ረጅም አንቴና ያላቸው፣ ሆዳቸው እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ነበሩ፤ የምትፈለገዋ ይህች ናት። ከሳምንት በኋላ ጥቂት የሚያብረቀርቁ፣ ሆዳቸው ከጎን ተጨፍልቆ የከበበ ጥቃቅን ተርቦች ተከተሉ። እነዚህ የጥገኛ ጥገኛ ናቸው። ዘግይተው መውጣታቸው ለገበሬ ጥሩ ነው፦ ቀድመው የወጡት ይለቀቃሉ፣ ማሰሮው ከዚያ በኋላ አይከፈትም። የሚለቀቁት ግን በወጡበት ሰዓት አይደለም፤ ወንድና ሴት አንድ ቀን አብረው ካደሩ በኋላ፣ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ። ያለበለዚያ ማሳውን በወንድ ብቻ መሙላት ይመጣል።

ማሰሮ ለሌለው ቀዳዳው ይናገራል። የወዳጇ ቀዳዳ ከኋላ በኩል ክብና ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። የጥገኛው ጥገኛ ቀዳዳ አነስ ብሎ ጠርዙ የተንጨፈረረ፣ አይጥ የቀደደው ጆንያ የሚመስል ነው። አጉሊ መነጽር ይረዳል፤ የልጆች ዓይን ደግሞ ከአጉሊ መነጽር አይተናነስም።

ውሳኔው የተመራበት ቆጠራ

በየሰባት ቀኑ ማሳው በዚግዛግ ተሄዶ 20 ተክል ይታያል፤ ከእያንዳንዱ አንድ የመሐል ቅጠልና ልቡ። ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ሕያው ክሽክሽ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፤ የደረቀው ጨመረ ወይስ ቀነሰ፤ ልቡ ተይዟል ወይስ አልተያዘም። የደረቀው እየጨመረ፣ ልቡ ነጻ ከሆነ፣ ሕያው ክሽክሽ ገና ቢበዛም ሰባት ቀን ይጠበቃል። ልቡ ከተያዘ ያ ተክል ሳሙና ያገኛል። የደረቀ ፈጽሞ ካልታየና ክሽክሹ ከጨመረ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ተርቧ የለችም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቆጠራ ባለቤቱን የሚያስደስት ነገር አልነበረም። ክሽክሹ ጨምሮ ነበር። በጥምቀት ማግስት ሚስታቸው ማሳውን አይተው «በዓል አስታካችሁ ተዋችሁት እንዴ?» ማለታቸው ይነገራል። በሁለተኛው ሳምንት ከመሐል ማሳ የተቆረጡ ቅጠሎችም ቡናማ ነጠብጣብ ይዘው ተገኙ። በሦስተኛው፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ በጎመንዘሩ በኩል ባሉት መስመሮች ከሕያው የደረቀው ይበዛ ነበር። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛና አበባ ላይ የምታንዣብበው የባለ ቢጫ ቀለበቷ ዝንብ እጮችም መጥተዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ውጤቱ የተርቧ ብቻ አይደለም፤ ርጭት ሲቆም የሚመጣው ሁሉም ነው።

በተረጨው ግማሽ ሦስተኛው ርጭት ጥር 5 ተደረገ፤ ክሽክሹ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ያኔ ሌላ ችግር መጣ። ጎመኑ ሊደርስ ነው፤ በመለያው ላይ ከርጭት እስከ ምርት መቁረጥ የሚጠበቀው ቀን ደግሞ ከገበያው ቀን ጋር ተጋጨ። ባለቤቱ አራተኛውን ተዉትና በዚያኛው በኩልም ወደ ሳሙና ገቡ።

ያልሠራም አለ። አንድ ቀን ሳሙናው በቀትር ተረጭቶ ሁለት መስመር ቅጠሉ ዳር ዳሩ ተቃጠለ። በመንገዱ ዳር ያሉት መስመሮች እስከ መጨረሻ ክሽክሽ አልጠፋባቸውም፤ አቧራ የለበሰ ቅጠል ላይ ተርብ መሮጥም መፈለግም ይከብዳታል። ለዚያ የሚበጀው ማለዳ ከቦዩ በባልዲ ውኃ ቅጠሉን ማጠብ ነበር፤ የታሰበው ዘግይቶ ነው። ካልተረጨው ግማሽም ልባቸው ተበክሎ ለገበያ ያልበቁ፣ ለከብት የተሰጡ ጎመኖች ነበሩ።

ትልቁ ትምህርት ግን የመጣው ከጎመኑ አጠገብ ዘግይቶ ከተተከለው የሐበሻ ጎመን ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ እዚያም የደረቀ ክሽክሽ በዛ፤ ባለቤቱም የለመዱትን አስበው ጠበቁ። ክሽክሹ ግን አልቀነሰም። ቀዳዳዎቹ ሲታዩ አብዛኞቹ የተንጨፈረረ ጠርዝ ያላቸው ሆነው ተገኙ። የወቅቱ መጨረሻ ላይ የጥገኛው ጥገኛ ይበረታል፤ የደረቀ ክሽክሽ መብዛቱ ብቻውን የምሥራች መሆኑ ያበቃል። ያ ጎመን በቅጠል ለቀማና በሳሙና ብቻ ነው የተረፈው።

ጥቅል ጎመኑ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ጉቶው ወዲያው አልተነቀለም። በጎመንዘሩ በኩል ያሉት ሁለት መስመሮች ለ15 ቀን ቆዩ፤ በቅጠሎቹ ላይ የቀሩት እንዲወጡ። ከዚያ በላይ ማቆየት አይገባም፤ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ለክሽክሽ መጠለያ፣ ክሽክሽ ለሚያስተላልፈው ቫይረስም ማደሪያ ይሆናል። መጋቢት አጋማሽ ላይ ተነቅሎ ለከብት ተሰጠ። የሚቀጥለው መደብ ከዚያ ማሳ ርቆ፣ ከወንዙ ማዶ እንዲሆን ተወሰነ፤ በመደቡ ዳርም አንድ እፍኝ ድንብላል ከጎመኑ ዘር ጋር በአንድ ቀን ይዘራል።